ለየትኛው ጫማ

ሰኞ

ትዕዛዙ መጣ። በድሉ ሰልፍ ላይ ቁስለኞቹ በተሽከርካሪ ወንበር ሳይሆን በእግራቸው ይሄዳሉ ተባለ። በእግራቸው! እኛ በሠራነው እግር ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ሲያነብልን ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ በላይ የሰቀልኳትን ትንሽ ባንዲራ ቀና ብዬ አየሁና እንባዬ መጣ። ምን አለበት፣ የሀገር ነገር ነው። ረዳቴ ብሎን (እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፣ ግን ከብሎን በቀር ወሬ ስለማያውቅ ሆስፒታሉ በሙሉ ብሎን ነው የሚለው) "ጋሼ፣ ለማልቀስም ጊዜ የለን፣ ጀሶም የለን" አለኝ። እውነቱን ነው።

ትዕዛዙ ሰልፈኞቹ ይቅደሙ ይላል። ሰልፈኞቹ ወንዶቹ ናቸው። ለሴቶቹ ተዋጊዎች ከሰልፉ በኋላ ይሠራላቸዋል። ከሴቶቹ አንዷ ልጄ ናት። የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበረች፤ ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች ግንባር ጥላው መጣች። ሴቶቹን ያስተኟቸው በቀድሞው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ግድግዳው እስካሁን ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ሄጄ ነገርኳት። "ልጄ ስለሆንሽ ወረፋ አላዘልልሽም፣ ሰው ምን ይለኛል?" አልኳት።

"ወረፋው ውስጥ አለሁ እንዴ?" አለችኝ።

የጀሶው መኪና ደርሶ ስለነበር ተነስቼ ሄድኩ።

ረቡዕ

ጀሶው እርጥብ ሆኖ ነው የመጣው። ሻጋታዎቹ ተሰነጣጠቁ። ምሳ የለም። እንደገና ከሀ።

ደግሞ ከሰልፈኞቹ አንዱ፣ ሾፌሩ፣ ጉድ ሠራኝ። በጭነት መኪና ጥይት ሲያመላልስ ቀኝ እግሩን ያጣ፣ ሳቅ የማያልቅበት ሰው ነው። ዞር ስል የብሎን ቁልፌን ከጠረጴዛው አንስቶ የሠራሁለትን እግር ቁርጭምጭሚት ራሱ አስተካከለና ኮሪደሩ ላይ ተዘረረ። አገጩ ተሰፋ። "ፍሬን እምቢ አለኝ" ይላል ወለሉ ላይ ተጋድሞ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። ቁልፍ ለታካሚ አይሰጥም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እግሩን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉ ከደረት ኪሴ አይወጣም።

ቅዳሜ ማታ

ልጄን ወደ ቤት አመጣናት። አልጋ ጠቧል፣ ቁስሏም ድኗል፣ የቀረው እግሩ ነው። ከኩሽናው አጠገብ ያለችውን ክፍል ሰጠናት፤ ፀሐይ ይገባታል፣ ለሁሉም ቅርብ ናት። እኔም ቀኑን ሙሉ ከአልጋዋ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ስቸነክር ዋልኩ። ዝሆን ቢንጠለጠልበት አይነቀልም።

"አባባ፣ ይሄ እኮ የዕድሜ ልክ ነው" አለች እየዳበሰችው።

"አዎ! እኔ የቸነከርኩትን ማን ይነቅለዋል?" አልኳት። የምትደሰት መስሎኝ ነበር። ብረቱን ለቅቃ በክራንቿ ሄደች።

እራት ላይ ሬዲዮው ስለ ሰልፉ ያወራል። ሀገር ልጆቿን አትረሳም፣ ምናምን። እጇን ዘርግታ ዘጋችው።

"ምነው? የሀገር ነገር እኮ ነው" አልኩ።

"አባባ፣ እኔም እንዳንተ ነው የምወዳት። እንደውም ሳልበልጥህ አልቀርም፣ አንዱን እግሬን ሰጥቻታለሁ። ጥይቱ ሲመጣ 'ሴቶች ወደ ኋላ' ያለን ሰው አልነበረም። አሁን ሰልፍ ሲሆን ነው ወደ ኋላ?"

"ተራ ነው፣ ልጄ። ተራ ጠብቂ።"

"ሰልፉ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ተራ ምን ያደርግልኛል?"

ባለቤቴ ትምህርት ቤት ስታስተምር ውላ መጥታ፣ እራቱን አቅርባ፣ የልጅቷን ፋሻ ስታጥብ አመሸች። ነገር ዓለሙ ሰልችቷት መሰለኝ፣ አንድ ቃል አልተናገረችም። ምላሷ ሲታሰር ነው የምፈራት።

ማክሰኞ

የሰልፉ አስተባባሪ ኮሎኔል ሊጎበኘን መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ቁጣ የለውም፣ ቡና አምጡልኝም አይል። ሾፌሩን አራመድኩለት። አጨበጨበ።

ሴቶቹን በተመለከተ ጉዳዩ እንዳለቀ ነገረኝ። የክብር ትሪቡኑ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ይደረግላቸዋል፣ አበባ ይይዛሉ። "ሕዝቡ ይሳቀቃል፣ ወንድሜ" አለኝ። "ወንድ ሲያነክስ ጀግና ነው፣ ሰው ያጨበጭባል። ሴት ስታነክስ ግን ሰው ሆዱ ይባባል። በዓል ነው፣ ለቅሶ አይደለም። እህቶቻችን ናቸው፣ ክብራችን ናቸው።"

ልጄ ከመሃላቸው እንዳለች አያውቅም። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"እሺ ጌታዬ" አልኩ።

ማታ ልጄ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ስትለኝ "ምንም" አልኳት።

ሐሙስ

ሰምታለች። ከሴቶቹ ክፍል የመጣች ጓደኛዋ ነገረቻት። መትረየስ ተኳሽ ነበረች፣ ስታወራም ያው ስለሆነች መትረየሷ ነው የሚሏት። ከሥራ ስገባ ሁለቱም ሳሎን ተቀምጠው ጠበቁኝ።

"ጋሼ፣ ብርድ ልብሱ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" አለችኝ መትረየሷ። "ከአበባው ጋር እንዲስማማ ብዬ ነው።"

ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ።

ልጄ አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "ማክሰኞ ነው የሰማኸው፣ አይደል?" አለች። "እና 'ምንም' አልከኝ።"

ትዕዛዝ ነው፣ እኔ ባለሙያ ነኝ እንጂ ኮሎኔል አይደለሁም፣ እጄ ላይ ያለው ሥራ አንገቴ ድረስ ነው፣ አልኩ። ብዙ ተናገርኩ። ሰው ካጠፋ በኋላ ነው እንዲህ የሚያወራው።

መትረየሷን ሸኝታ ስትመለስ ባለቤቴ ወደ ኩሽና ጠራችኝ። "አንተ ሰውዬ" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "ለሾፌሩ በስንት ቀን ነው የጨረስክለት? ላንተ እግር መሥራት ምንም ማለት አይደለም። እግር ካገኘች ትሄዳለች ብለህ ነው።"

ከየት አምጥታ ነው! ለልጁ እግር የሚነፍግ አባት የት አገር ታይቷል? ደሜ ፈላ፣ በሩን በርግጄ ወጣሁ። ወረፋ ወረፋ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም አድልቼ አላውቅም።

እሁድ

ዎርክሾፑን ከፈትኩ። ዛሬ የሥራ ቀን ስላልሆነ የማንንም ተራ አልወሰድኩም። ለራሴም ለባለቤቴም እንዲህ ነው ያልኩት።

በመጋዘኑ ያሉት የእግር መዳፎች ሁሉ የወንድ ልክ ናቸው። ያንን ትልቅ መዳፍ ብታደርግ ልጄ ዳክዬ ነው የምትመስለው። ብሎን ሳልጠራው መጣ። ከእንጨት ጠረበላት፣ ከሥሩ ጎማ ለጠፈበት። እኔ የተቆረጠው እግሯ የሚገባበትን ማቀፊያ ሆስፒታል ሳለች ከወሰድኩት ሻጋታ ላይ አወጣሁ። ጠርዙን እንዳይፍቃት በጣቴ እየዳሰስኩ ሞረድኩት። ልክ ሕፃን ሆና ጥፍሯን ስቆርጥላት እንደነበረው ትንፋሼን ይዤ።

ዕድሜ ልኬን ከሠራኋቸው ሁሉ ይኼ ይበልጣል። ጉራ አይደለም። ብሎን ራሱ "ጋሼ፣ ይሄስ ይራመዳል ብቻውን" አለ።

ሰኞ ማታ

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ስገባ እግሩን በፎጣ ጠቅልዬ ነበር። ልጄ ስታየው ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። የሱፍ ካልሲውን አጠለቅኩላት፣ እግሩን አስገባሁላት፣ ሸበጧን አደረግኩላት። ተነሳች። ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤቱ። ብረቱን አልነካችውም። ተመለሰች። እንደ ውሃ! ባለቤቴ በሽርጧ ዓይኗን እየጠረገች "እሰይ፣ እሰይ፣ እሰይ" ትላለች። እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። ባለቤቴን አየሽ? ልላት ነው። ማን ነው የነፈጋት?

ልጄ ከአልጋዋ ሥር ከስክሷን ጎትታ አወጣች። የወታደር ጫማዋን። ሁለቱንም ይዛቸው እንደመጣች አላውቅም ነበር። ግራውንም ቀኙንም ቀለም ቀብታቸዋለች። ቀኙን አሰረች፣ ግራውን እንጨቱ ላይ አጠለቀች፣ ተነስታ አንድ ጊዜ ረገጠች፣ እና ጉልበቷ ታጥፎ በፊቷ ወደቀች። ብረቱን ለመያዝ እንኳ አልደረሰችም።

ሮጬ ስደርስ ክንዴን ገፋችው። ከንፈሯ ደምቷል። እግሩን ስታየው ቆየችና ቀና አለች።

"አባባ፣ ለየትኛው ጫማ ነው የሠራኸው?"

ይህንን በሥራው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያ ቀን ነው ለተማሪ የሚነገረው። ሰው ሠራሽ እግር ለአንድ የተረከዝ ከፍታ ነው የሚገጠመው። ለሸበጥ የተገጠመን እግር ተረከዙ ከፍ ያለ ከስክስ ውስጥ ብትከተው ወደ ፊት ይደፋል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ሰውዬው ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ምን ጫማ ታደርጋለህ ብለህ ትጠይቃለህ። ሾፌሩን ጠይቄዋለሁ። ለሰልፉ የሠራሁላቸውን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። ሁሉንም ለከስክስ ነው የገጠምኩት።

ልጄን አልጠየቅኳትም።

መጠየቅ እንዳለብኝ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። መርሳት ነው እንዳልል፣ እጄ አይረሳም። እጄ የሠራው ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት፣ ከመታጠቢያ ቤት እስከ ኩሽና ነው። ባለቤቴ ወለሉን እየጠረገች አየችኝ። ማለት የነበረባትን ሐሙስ ብላዋለች።

ረቡዕ

ቀን ለሰልፈኞቹ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ በድብቅ ለሴቶቹ በሙሉ እግር እንሠራለን። ቸኩያለሁ። ጀሶ ተካፈልን። ብሎን እንጨት ይጠርባል፣ ጣቱን ቆርጧል፣ ይጠርባል።

የልጄን አስተካከልኩ። ቁርጭምጭሚቱን ወደ ኋላ መለስኩት። በከስክስ ቆመች። "አሁንስ?" አልኳት። "አሁን ነው የኔ የሆነው" አለችኝ። እስካሁን ኮስተር እንዳለች ናት፣ ግን አናገረችኝ።

ሴቶቹ በጓሮ በር ይገባሉ፣ እያንዳንዷ አንድ አንድ ከስክስ በብብቷ ይዛ። መትረየሷን "የምን ጫማ ነው የምታደርጊው?" አልኳት። "ጋሼ፣ ዛሬ ገና ሰው ጠየቀኝ" ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም፣ ወደማጠብቀው ብሎን ዞርኩ።

ሾፌሩ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቅልናል። ሰው ሲመጣ ያስላል። ማታውን ሙሉ ሲያስል ነርሷ መጥታ ሽሮፕ አጠጣችው።

ዓርብ

ኮሎኔሉ ጠራኝ። ያውቃል። ማን እንደነገረው እንጃ፣ ሆስፒታል ውስጥ ወሬ ከሰው ቀድሞ ነው የሚሄደው። አሁንም አልተቆጣም።

"ልጅህ እንዳለችበት ሰማሁ። እግዜር ይማርልህ። ግን ይህ የሀገር በዓል ነው፣ ስንት እንግዳ ይመጣል፣ ሴቶቹ ተነስተው ሰልፍ ውስጥ ቢገቡ የምንዋረደው ሁላችን ነን። ችግር አታብዛ። ነገ እግሮቹን ለምርመራ ብለህ ሰብስብልኝ፣ ሰልፉ እንዳለቀ ትመልስላቸዋለህ። ካልሆነም… አንተ ባለሙያ ነህ። አንድ ብሎን ላላ ቢል ራሳቸው ይቀመጣሉ።"

ጆሮዬን አላመንኩም። ሰው ይወድቃል እኮ! በሕዝብ ፊት! ሥራዬን ጠላሁት፣ ራሴን ጠላሁ፣ ያቺ ከንፈሯ የደማው ልጄ ዓይኔ ላይ መጣች።

ምን አልክ ብትሉኝ "እሺ ጌታዬ" ነው ያልኩት። አፌ ለምዶታል።

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ጠራኋቸው። ሁሉም መጡ፣ ልጄም። ለምን ብላ የጠየቀችኝ የለችም። እግራቸውን አወለቁና ጠረጴዛዬ ላይ ከባንዲራዋ ሥር ደረደሩልኝ። በሩን ዘጋሁ። ቁልፉን ከደረት ኪሴ አወጣሁ። ብሎን ኮሎኔሉ ያለኝን ያውቃል፣ ነግሬዋለሁ፤ እጄን እያየ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ምን ያደርጋል ብሎ ነው? እኔም እኮ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በእርግጠኝነት አላውቅም ነበር። 

አጠበቅኩ። የእያንዳንዷን፣ እስከ መጨረሻው፣ ክንዴ እስኪዝል። ከዚያ ብሎን ደገመው።

መልሼ ሳስገባላቸው እንዲህ አልኳቸው፦ "ነገ ጠዋት ለምርመራ ነው ብሎ ማንም ቢጠራችሁ እግራችሁን እንዳታወልቁ። እኔም ብጠራችሁ።"

"አንተም ብትጠራን?" አለች ልጄ።

"እኔም ብጠራችሁ።"

 ከዚያ እንደ ልጅነቷ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ቶሎ ብላ።

እሁድ

አደባባዩ ጢም ብሏል። ባለቤቴና እኔ ከገመዱ ጀርባ ቆመናል። የክብር ትሪቡኑ ላይ ሴቶቹ ብርድ ልብስ ለብሰው፣ አበባ ይዘው ተደርድረዋል። ቁስለኞቹ ሲመጡ ሕዝቡ አበደ። ሾፌሩ ከፊት ነው፣ በሠራሁለት እግር፣ ባንዲራውን ይዞ። አለቀስኩ። ይህችን ሀገር እወዳታለሁ፣ ምን ላድርግ።

ሾፌሩ ትሪቡኑ ፊት ሲደርስ ቆመ። ጫማው የተፈታ ይመስል አጎንብሶ ማሰሪያውን ይጎለጉል ጀመር። ከኋላው ሰልፉ ሁሉ ቆመ። ያኔ ብርድ ልብሶቹ አንድ ላይ ወደቁ። ሴቶቹ ከስክሳቸውን አድርገው ደረጃውን ወረዱ፣ ከወንዶቹ ኋላ ተሰለፉ። ኮሎኔሉ እጁን ሲያወዛውዝ አየሁት። የሙዚቃ ጓዱ ጸጥ አለ። ሾፌሩም ቀና ብሎ ሄደ፣ ወንዶቹ ተከትለውት አለፉ፣ አደባባዩ መሃል ላይ ሴቶቹ ብቻቸውን ቀሩ። ያለ ከበሮ እርምጃ መያዝ ለሙሉ ሰው እንኳ ይከብዳል። አንዷ ተንገዳገደች። ሕዝቡም ዝም። 

ከዚያ ልጄ ድምጿን አወጣች። ያ የሬዲዮ ድምጿ፣ በተኩስ መሃል የሚሰማው።

"ግራ! ግራ! ግራ!"

ግራው የኔ ነው። እሷ ግራ ባለች ቁጥር እኔ የሠራሁት መሬቱን ይመታል፣ ጠብቋል፣ አይነቃነቅም። ባለቤቴ ክንዴን ይዛኝ ነበር፤ ጥፍሯ የገባበት አሁንም ይታያል። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት መጀመሪያ በሹክሹክታ "ግራ" አሉ። ከዚያ ጮክ ብለው። ከዚያ እኔም። ከዚያ የአደባባዩ ያ ወገን በሙሉ። ሌላው ወገን ዝም እንዳለ ቀረ፣ አንዳንዱም ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። አንድ ሰው "እፍረት የላቸውም!" ሲል ሰምቻለሁ።

አንዷም አልወደቀችም።

ሐሙስ

ከሥራ ታግጃለሁ። ንብረት አስረክብ ተባልኩ፣ አስረከብኩ። ባንዲራዋንም አስቀሩብኝ፤ የመንግሥት ናት ተባለ። የብሎን ቁልፌ ግን የራሴ ነው፣ ይዤው ወጣሁ። ብሎን በር ድረስ ሸኝቶኝ እንደ ሴት አላለቅስም ብሎ አለቀሰ፣ ከዚያ ሴቶቹ አደባባይ ላይ ያደረጉትን አስታውሶ ሳቀ።

ሴቶቹ ላይ ምን እንደሚወሰን ገና አልታወቀም። ልጄ ግን የውሳኔውን ደብዳቤ አትጠብቅም። ሩቅ ያለ ማሠልጠኛ ሬዲዮ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል፤ ልትሄድ ነው። ከዚያ ደግሞ ሴቶቹን የረሳ ሌላ ሆስፒታል አለ ትላለች። ሁልጊዜ ሌላ አለ።

እሁድ

ዛሬ ሄደች።

ጠዋት ከስክሷን አድርጋ፣ ሸበጧን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ መጣች። "እዚያ ማታ ማታ ሸበጥ ላደርግ ብፈልግ ማን ያስተካክልልኛል?" አለች።

"እዚያም ባለሙያ አይጠፋም" ልላት ነበር። አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። አስቀመጥኳት፣ ቁልፉን ከደረት ኪሴ አውጥቼ እጇ ላይ አደረግኩት። ለሸበጥ ወደዚህ፣ ለከስክስ ወደዚያ፣ ግማሽ ዙር ብቻ፣ ከዚያ ሁልጊዜ አጥብቂ አልኳት። ራሷ አዞረችው። ራሷ አጠበቀችው። ስትነሳ ተንገዳገደች፣ እጆቼ ዘለው ወደ እሷ ሄዱ፣ ባለቤቴ ያዘቻቸው። ልጄ ግድግዳውን ሳትነካ ቀጥ አለች።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ደጋግሜ ኪሴን ስዳብስ ዋልኩ። ባለቤቴ ያንን መያዣ ብረት ንቀልልኝ፣ ክፍሏን ልቀባው ነው አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ስታገለው ቆየሁ። ጥሩ አድርጌ ስለቸነከርኩት አልነቀል ብሎኛል።